የመምህርት ፍላሽ በሊኑክስ፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

እህቴ እዚህ ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ፍላሿ አንድ ቦታ አያርፍም። ቤት ውስጥ ሊኑክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ካለው ከእኔ ኮምፒውተር ጋር ይሠራል። ትምህርት ቤት ዊንዶውስ 7 ባላቸው የላብራቶሪ ኮምፒውተሮች ላይ ይሰካል። ፈተና ሲደርስ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ክፍል ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን ቪዲዮ ታሳይበታለች። የድሮውን ቫይረስ ስለበላው አዲስ ገዝታ «እስቲ አንተ በደንብ አዘጋጅልኝ» አለችኝ።

ፍላሽ ማዘጋጀት ፎርማት የሚለውን መጫን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የት የት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ማስታወሻ ላይ ያለው ውሳኔ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ትእዛዞቹን በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ስታስገቧቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

ያመጣችው ሁለት ፍላሽ ነው። አንዱ ባለ 64 ጊጋባይት፣ ከሱቅ የተገዛ። ሌላው ላዩ ላይ 1 ቴራባይት ይላል፤ መንገድ ላይ በጣም በርካሽ ያገኘችው ነው። ሁለተኛውን ገና ሳየው ጠርጥሬዋለሁ። ግን በጥርጣሬ አይፈረድም፣ ይፈተሻል።

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩ ለፍላሹ የሰጠውን ስም መለየት አለብኝ። ፍላሹን ሳልሰካ «ኤልኤስቢኤልኬ» አልኩ፤ ያሉትን ዲስኮች የሚዘረዝር ትእዛዝ ነው። ኤስዲኤ ብቻ ወጣ፤ እሱ የኮምፒውተሩ ዲስክ ነው። ሰክቼ ስደግመው ኤስዲቢ ተጨመረ። ትእዛዙ ላይ «-ኦ ኔም፣ሳይዝ፣ትራን፣ሞዴል» ብትጨምሩበት ትራን በሚለው አምድ ሥር ዩኤስቢ መሆኑንም ያሳያችኋል። ይህችን ነገር አትዝለሏት። ከዚህ በኋላ ከሚመጡት ትእዛዞች አንዳንዶቹ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ናቸው። ኤስዲቢ መባል ያለበት ቦታ ላይ ኤስዲኤ ከተጻፈ የሚጠፋው የቤቱ ሰነድ በሙሉ ነው።

ባለ 64ቱ የሚያሳየው 57.7 ነው። እህቴ «ተሸወድኩ እንዴ?» አለች። አልተሸወደችም። ፋብሪካው አንድ ጊጋባይትን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል። ኤልኤስቢኤልኬ በ1,024 እያባዛ ነው የሚሄደው። በዚያ ስሌት 64ቱ 59.6 ይሆናል። የቀረውን ፍላሹ ውስጥ ያለው ቺፕ ለራሱ ሥራ ይይዘዋል። ያረጁ ቦታዎች የሚተኩት ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት

ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሐሰተኛ ፍላሽ ለማጋለጥ ተብሎ የተሠራ ነው። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤፍ3» ነው የሚባለው። ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል።

ውስጡ ካሉት መሣሪያዎች ፈጣኑ «ኤፍ3ፕሮብ» ነው። ፍላሹ ላይ ቦታ እየመረጠ ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ያወዳድራል። 1 ቴራ በተባለው ላይ «--ዲስትራክቲቭ» ጨምሬ አስኬድኩት። ይህ አማራጭ ፍላሹ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ ባዶ ፍላሽ ላይ ብቻ ተጠቀሙበት። መልሱ ብዙ አልቆየም፤ «ባድ ኒውስ» ብሎ ይጀምራል። ፍላሹ ሐሰተኛ ነው። ዓይነቱ ሊምቦ፣ እውነተኛ መጠኑ 7.5 ጊጋባይት ገደማ።

ሊምቦ የሚባለው ዓይነት እንዲህ ነው። እስከ 7.5 ድረስ የጻፋችሁት በደህና ይቀመጣል። ከዚያ የሚያልፈው የትም አይሄድም። ኮምፒውተሩ ግን ኮፒው አልቋል ይላል። ፋይሉ በስሙ ይታያል፣ መጠኑም ልክ ነው። ስትከፍቱት ግን ውስጡ የለም። ራፕአራውንድ የሚባለው ደግሞ ይብሳል። ሲሞላ ወደ መጀመሪያው ይዞርና ቀድሞ የተቀመጠውን ይሽረዋል። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የመመረቂያ ጽሑፉን እንዲህ ባለ ፍላሽ ይዞ የሚዞር ተማሪ ሳስብ ውስጤ ይቃጠላል። ይህን ፈተና ማድረግ የሚችል ሰው በየሰፈሩ ቢኖር ብዙ ዕንባ ይቀር ነበር።

ፍላሹን አልጣልኩትም። ኤፍ3ፕሮብ መጨረሻ ላይ «ኤፍ3ፊክስ» ከሚባለው መሣሪያ ጋር የምትጠቀሙበትን ቁጥር ይነግራችኋል። እሱን ስትሰጡት በእውነተኛው መጠን የሚያበቃ ፓርቲሽን (የፍላሹ ክፍልፋይ) ይሠራል። አሁን ባለ 7.5 ፍላሽ ሆኗል። ለዘፈን ይሆናል፤ ለፈተና ወረቀት ግን አላምነውም።

ቅዳሜ ማታ

ባለ 64ቱ ኤፍ3ፕሮብን በሰላም አለፈ። በዚያ ብቻ አልተውኩትም። «ኤፍ3ራይት» ፍላሹን 1 ጊጋባይት በሆኑ ፋይሎች እስኪሞላ ይጽፍበታል። «ኤፍ3ሪድ» ደግሞ አንድ በአንድ አንብቦ ያረጋግጣል። የኔ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ ዩኤስቢውም 2.0 ነው። በሰከንድ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚጽፈው። በዚህ ፍጥነት መሙላቱ ብቻ ወደ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ይፈጃል።

መሀል ላይ መብራት ሄደ። ዝናቡ ሲበረታ ይሄዳል፤ ለጅማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሲመለስ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ኤፍ3ራይት «--ስታርት-አት» የሚል አማራጭ አለው፣ ከተቋረጠበት ፋይል ቁጥር ይቀጥላል። ለኛ አገር ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ከእራት በኋላ ኤፍ3ሪድ ጨረሰ። የተበላሸ፣ የተለወጠ፣ የተደረበ የሚሉት አምዶች ሁሉም ዜሮ ናቸው። ፍላሹ ሁነኛ ነው።

እሑድ

ዛሬ ውሳኔ ነው። ይህን ፍላሽ ምን ዓይነት ፎርማት ላድርገው?

ኤክስት4 ለሊኑክስ ጥሩ ነው። መብራት ቢሄድም ቶሎ ራሱን ያስተካክላል። ነገር ግን ዊንዶውስ 7ም ሆነ የፎቶ ኮፒ ማሽኑ አያውቁትም። ኤክስፋት ትልልቅ ፋይል ይይዛል፣ ዊንዶውስ 7 ያነበዋል፣ ሊኑክስም ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) 5.4 እትም ወዲህ በራሱ ያነበዋል። ማይክሮሶፍት በ2019 ዝርዝሩን ይፋ ካደረገ በኋላ ነው መንገዱ የተከፈተው። ግን እህቴ የምትሄድበት የፎቶ ኮፒ ማሽን ፋት32 ብቻ ነው የሚቀበለው። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው።

ስለዚህ ፋት32። አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት መድረስ አይችልም፤ ያ እውነት ነው። የእህቴ ቪዲዮዎች አጫጭር ስለሆኑ አይቸግራትም። ዊንዶውስ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፍላሽን በተለመደው መስኮት ፋት32 አላደርግም ይላል። ሊኑክስ ላይ ይህ ገደብ የለም።

ሁለት ፓርቲሽን እንዲኖረው ወሰንኩ። የመጀመሪያው 40 ጊጋባይት ፋት32፣ ለሁሉም የሚከፈት። የቀረው የተቆለፈ፣ ለፈተናና ለውጤት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ዊንዶውስ 10 የ2017ቱ 1703 እትም እስኪመጣ ድረስ ዊንዶውስ ከፍላሽ ላይ የሚያየው የመጀመሪያውን ፓርቲሽን ብቻ ነበር። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። የተቆለፈው ፊት ቢቀመጥ ፍላሹ እዚያ ምንም አይሠራም ነበር።

በ«ፓርቴድ» አዲስ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ዓይነቱ ኤምኤስዶስ፣ አሮጌ ማሽን የሚያውቀው እሱን ነው። ከዚያ «ኤምኬኤፍኤስ.ቪፋት -ኤፍ 32» በኤስዲቢ1፣ ማለትም በመጀመሪያው ፓርቲሽን ላይ። ለፍላሹ የሚሰጠው ስም ከ11 ፊደል አይበልጥም፣ የእኛንም ፊደል አይቀበልም። በላቲን «ባዮ» አልኩት።

ሁለተኛውን በ«ክሪፕትሴትአፕ ሉክስፎርማት» ቆለፍኩት። በትልቁ «የስ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ አይቀጥልም። ከዚያ ከፍቼ ውስጡን ኤክስት4 አደረግኩት። እዚህ ላይ ስሙ በአማርኛ ይሆናል። ኤክስት4 ለስም 16 ባይት ይሰጣል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ እስከ አምስት ፊደል ይገባል። «ፈተና» ብዬዋለሁ።

እህቴ የይለፍ ቃሉን በአማርኛ ላድርገው ብላ ነበር። ይቅርብሽ ብዬ መከርኳት። ሌላ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል። ቢኖርም የትኛውን «ሀ»፣ የትኛውን «ሰ» እንደተጠቀመች ማስታወስ አለባት። ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በላቲን ፊደል ረዘም ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር መረጠች።

አንድ ማሳሰቢያ ነገርኳት። አዲስ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከሰካችው «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። የተቆለፈውን ስላላወቀው ነው። ካንስል ማለት ብቻ ነው። እሺ ከተባለ ፈተናው ሁሉ ይሄዳል።

ሰኞ ማታ

የድሮ ሰነዶቿን ወደ አዲሱ ማዛወር ጀመርኩ። ከሁሉ ብዙ የቆየሁት እዚህ ነው።

ፍላሹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንዲከፈት ስለፈለግኩ በእጅ «ማውንት» አደረግኩት፤ ማለትም ፍላሹን በአንድ ፎልደር ላይ ከፈትኩት። ፎልደሩን ስከፍት ላቲኑ ደህና ነው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፉት የፋይል ስሞች አንዳቸውም አልተነኩም። የአማርኛዎቹ ግን ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነዋል። «????? 2.ፒዲኤፍ» ዓይነት ነገር።

ማንም ቢያይ ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። ፋት32 ረጃጅም ስሞችን ፍላሹ ላይ የሚያስቀምጠው የብዙ ቋንቋ ፊደላትን በሚይዘው በዩኒኮድ ነው፤ ግዕዝ ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ችግሩ አነባበቡ ላይ ነው። «ማውንት» ብቻ ብዬ ዝርዝሩን ሳየው «አይኦቻርሴት=አይኤስኦ8859-1» ይላል። ይህ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሰንጠረዥ ነው። «ሥ» እዚያ ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ጥያቄ ምልክት ትሆናለች። ዴስክቶፑ ፍላሹን ራሱ ሲከፍተው ችግሩ የማይታየው «ዩቲኤፍ8» የሚለውን አማራጭ ራሱ ስለሚጨምር ነው። በእጅ ስንከፍት እኛ መጨመር አለብን።

አወጣሁት፣ «-ኦ ዩቲኤፍ8፣ዩአይዲ=1000፣ጂአይዲ=1000» ብዬ መልሼ አስገባሁት። ስሞቹ በሙሉ ተመለሱ። ሁለቱ ቁጥሮች ፋይሎቹ የሩት (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) ሳይሆኑ የእኔ እንዲሆኑ ነው፤ ፋት32 የባለቤትነት መዝገብ የለውም። ስሞቹ በጥያቄ ምልክት እያሉ ኮፒ ማድረግም ሆነ ስም መቀየር አያስፈልግም። አውጥቶ በትክክል ማስገባት ብቻ ነው።

ከዚያ እህቴ ለፋይሎቿ ልትሰጣቸው የፈለገቻቸው ስሞች መጡ። «ት/ቤት»፣ «2016 ዓ/ም»። ያቺ ዘንበል ያለች መስመር በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ላይ በፋይል ስም ውስጥ አትገባም፤ ሊኑክስ ላይ ፎልደርን ከፎልደር የምትለየው እሷ ናት። «ዓ.ም» ሲሆን ያልፋል። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ደግሞ ሌላ ነው። ኤክስት4 ይቀበለዋል፣ ፋት32 አይቀበለውም። ቤት ውስጥ «ምዕራፍ 2: ሴል» ብላ ያስቀመጠችው ፋይል ወደ ፍላሹ አልገባም አለ። የራሳችን ሁለት ነጥብ ከሰረዝ ጋር፣ «፦»፣ ያለ ምንም ችግር ይገባል። «ምዕራፍ 2፦ ሴል» ሆነ።

«ሥነ ሕይወት» የሚል ፎልደር አለ፣ «ስነ ህይወት» የሚልም አለ፣ ሁለቱም ውስጥ ሰነድ አለ። አንዱን ስትፈልግ ሌላው አይወጣም። ከእህቴ ጋር ተቀምጠን አንድ አጻጻፍ መረጥንና ሁሉንም አንድ ላይ አደረግናቸው። ይህ ከቴክኒኩ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደ፣ ግን ደስ የሚል ሥራ ነበር።

ማክሰኞ

ቪዲዮዎቹን ስገለብጥ አሞሌው ፈጥኖ ሞላና ተዘጋ። 10 ሜጋባይት በሰከንድ ለሚጽፍ ፍላሽ ይህ ሊሆን አይችልም። ሊኑክስ ፋይሉን መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ያቆየዋል፣ ወደ ፍላሹ በዝግታ ያወርደዋል። ያልወረደውን ማየት ይቻላል። «ዋች ግሬፕ -አይ ዲርቲ /ፕሮክ/ሜምኢንፎ» አልኩ። ቁጥሩ 600,000 ኪሎባይት አካባቢ ነበር። ፍላሹ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ስትል ቁጥሩ ይቀንሳል፤ 410,000፣ 280,000፣ 90,000። በዚህ መሀል ፍላሹ ቢነቀል ወይም መብራት ቢሄድ ያ ሁሉ ይቀራል።

ሰዎች «ኮፒ አድርጌ ነበር፣ ሲከፈት ባዶ ነው» የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እህቴን ስክሪኑ ፊት አስቀምጬ ቁጥሩ ሲወርድ አሳየኋት። «ኢጀክት የምትለው ለዚህ ነው ለካ» አለች። ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ነቅላ አታውቅም። ተርሚናል ላይ ለምትሠሩ «ሲንክ» የሚለው ትእዛዝ ሁሉም እስኪወርድ ይጠብቃል። እንደ ፍላሽ በ«ኤ» ሳይሆን በ«ዩ»፣ «ኤፍ-ኤል-ዩ-ኤስ-ኤች» ተብሎ የሚጻፍ አማራጭም አለ፤ ማውንቱ ላይ ሲጨመር ፋት32 ቶሎ ቶሎ እንዲያወርድ ያደርገዋል። ከዩቲኤፍ8 አጠገብ ጨመርኩት።

ረቡዕ

ፍላሹ ትምህርት ቤት ውሎ ተመለሰ። እዚያ ስትከፍተው ፎልደሮቿ ሾርትከት ሆነውባታል። የታወቀው ሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ኢንተርኔት ቤት የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል።

ሊኑክስ ላይ ስከፍተው ሁሉም ነገር ተገልጦ ይታያል። ቫይረሱ የሚሠራው ፎልደሮቹን «የተደበቀ» ብሎ ምልክት በማድረግ ነው። ሊኑክስ ያንን የፋት32 ምልክት ለመደበቂያ አይጠቀምበትም። ስም የሌለው የሚመስል አንድ ፎልደር አለ። ስሙ የማትታይ ባዶ ቦታ ናት። የእህቴ ሰነዶች በሙሉ ደህና ሆነው እዚያ ውስጥ ናቸው። ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። «.ኤልኤንኬ» የሚል መጨረሻ ያላቸውን፣ «.ቪቢኤስ» የሚለውን እና ኦቶረንን አጠፋሁ። የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆኑ እዚህ ተነስተው አይሠሩም። በመጨረሻ «ፋትአትር» በሚባል ትንሽ ፕሮግራም የመደበቅና የሲስተም ምልክቶቹን አነሳሁ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ላይ እንደተደበቁ ይቀሩ ነበር።

የተቆለፈው ክፍል አልተነካም። ዊንዶውስ 7 መኖሩንም አላወቀ።

ሐሙስ

ሂርማታ አካባቢ ገበያ ስለሆነ ጭንቅንቅ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ግን ባዶ ነበር። ልጁ «እትዬ፣ ፒዲኤፍ ነው አይደል?» አላት። ፍላሹን ማሽኑ ላይ ሰካው፣ ፋት32ቱን ወዲያው አወቀው። የፋይሎቹ ስም ግን በማሽኑ ትንሽ ስክሪን ላይ ባዶ ሳጥን ነበር፤ ማሽኑ የግዕዝ ፎንት የለውም። ይህን ከእኛ በኩል ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ለኅትመት የሚሄደውን ብቻ በላቲንና በቁጥር መሰየም ጀመርን።

ለኅትመት የሚወጣው የፈተና ወረቀት የግድ ካልተቆለፈው ክፍል ላይ መቀመጥ አለበት። ታትሞ ሲያልቅ ትደልተዋለች። መደለት ብቻ ግን አይበቃም። ፎቶሬክ የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ያለው ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ቤት ስትመጣ ባዶውን ቦታ በትልልቅ ፋይሎች ሞልቼ እነሱን አጠፋለሁ። መቶ በመቶ አይደለም፤ ቺፑ ለራሱ በያዘው ቦታ ላይ ቁራጭ ሊቀር ይችላል። ቢሆንም ተራ ፈላጊ አያገኘውም።

ቅዳሜ

የቀረው ባክአፕ ነው። ፍላሽ ይጠፋል፣ ይረሳል፣ በልብስ ይታጠባል።

ኤፍኤስታብ ላይ (ዲስኮች የት እንደሚከፈቱ የሚዘረዝር ፋይል ነው) የፍላሹን ዩዩአይዲ፣ ማለትም መለያ ቁጥሩን፣ አስገባሁ። ቁጥሩን «ቢኤልኬአይዲ» ይነግራችኋል። ኤስዲቢ የሚለው ስም ሌላ ነገር ሲሰካ ሊቀየር ይችላል፤ ዩዩአይዲው ግን ፎርማት እስካልተደረገ አይቀየርም። ከእሱ ጎን «ኖኦቶ፣ዩዘር፣ዩቲኤፍ8» እና የሰኞና የማክሰኞ አማራጮች። ኖኦቶ ከሌለ ኮምፒውተሩ ፍላሽ በሌለበት ሲነሳ ይፈልገዋል፣ መነሳቱም ይጓተታል።

ኮፒውን የሚያደርገው «አርሲንክ» ነው፤ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚወስደው። «-አርቲቪ --ሞዲፋይ-ዊንዶው=1» ብዬዋለሁ። ፋት32 የፋይል ሰዓትን የሚመዘግበው በሁለት ሰከንድ እርከን ነው። ያ አማራጭ ከሌለ ያልተለወጠውን ፋይል ተለውጧል ብሎ እንደገና ሊገለብጠው ይችላል።

መጀመሪያ ሲሄድ ጥቂት ፋይሎች ላይ «ስሙ በጣም ረጅም ነው» ብሎ አቆመ። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ የተሰየሙ ናቸው። ፋት32 ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። ኤክስት4 ግን 255 ባይት ነው የሚለው። በሦስት ባይት ሲካፈል 85 የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው። የደብዳቤ ርዕስ እንዳለ የፋይል ስም ሲደረግ ያልፈዋል። የእንግሊዝኛ ተጠቃሚ ይህን ገደብ ላያየው ይችላል፤ እኛ ግን ቶሎ እንደርስበታለን። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስሞቹን አሳጠረች፣ ዓመተ ምሕረቱን ፊት፣ የክፍሉን ቁጥር ቀጥሎ፣ ርዕሱን መጨረሻ። አርሲንክን ደገምኩት፤ ሁሉም ገባ።